ቆጣሪ የሌለው ጋራዥ

ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ይተኩሳል። ሳን ጋብርኤል ሸለቆ፣
በሰዓት ሒሳብ በር አንኳኳለሁ፣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ።
ደረቴ ላይ መታወቂያ፣ በክንዴ ሥር መጠይቅ፤
ሥራዬ ሰው መቁጠር ነው፣ ኑሮውን መጠየቅ።
ስንት ናችሁ? ምን ታገኛላችሁ? ቤቱስ የማን ነው?
ሰው ሁለቱን በትዕግሥት ሰምቶ፣ ሦስተኛው ላይ ነው ፊቱን የሚያጠቁረው።

ከተራራው ግርጌ፣ ሣሩ እንደ ወታደር ጸጉር በተከረከመበት፣
ወይዘሮ ልያው ሹፌን ጫማዬን አስወልቃ አስገባችኝ ቤት።
ፒያኖ አለ፣ የዓሣ ገንዳ፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ዲግሪ፤
ባል የኮምፒውተር ቺፕ መሐንዲስ፣ ልጅ የጥርስ ሐኪም፣ እሷ የሒሳብ መርማሪ።
«የዛሬ አርባ ዓመት መጣን» አለች፣ «ለትምህርት፣ በቪዛ፤
አባቴ ታይናን ያለችውን ማሳ ሸጦ ነው ትኬቱን የገዛ።»
ገቢያቸውን ነገረችኝ፤ ቁጥሩ ከሳጥኑ ሊፈስ ደረሰ፤
ከጓሮዋ የተለቀመ ኮክ በከረጢቴ ተንቆረቆሰ።
«ከእናንተ ሰው የተቸገረ አለ?» አልኳት፣ ቅጹ ላይ ባይኖርም፤
«ከኛ?» አለች፣ ቅር ብሏት። «እኔ የማውቀው የለም።»

ደግሞም አልዋሸችም።

ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣
አውሲሊያዶራ ሴሌዶን በር ከፈተችልኝ፣ እጇ በበረኪና ነዶ።
እሷ ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፤ ባሏ ያዴር ጣራ ይከድናል፤
ጉልበቱ አብጦ ከሰኞ ወዲህ ሶፋው ላይ ተኝቷል።
የመኖሪያ ወረቀታቸው ዕድሜው ዓመት ከመንፈቅ ነው፤
ከዚያ ይታደሳል፣ ወይ ይሞታል፤ የትኛው ባንክ ነው
ዓመት ከመንፈቅ ለተፈቀደለት ሰው
የሠላሳ ዓመት ዕዳ የሚያምነው?
«ቤቱስ የማን ነው?» ስላት ሳቀች፣ ልጇ ሾቺል ግን አልሳቀችም።

እሷም ቺናንዴጋ ላይ ከአባቷ የወረሰችው ማሳ ነበራት፤
አንድ ሌሊት ዘንቦ ዘንቦ፣ ተራራው ተንዶ ወረደባት።
ጭቃ የሚገዛ የለም።
መንገዱን በእግሯ ከፈለችው፤ የቀረውን ወንዙ ወሰደ፤
እህቷን ይሁን ጫማዋን፣ አልጠየቅኋትም፤ ድምፅዋ ወረደ።
ከደመወዟ ቆንጥራ ለእናቷ የስኳር መድኃኒት ትልካለች፤
ለዚያ ሳጥን የለውም ቅጹ። ብዕሬን አየች፣ ጠበቀች፣ ተወች።

ልወጣ ስል ከኩሽናዋ መስኮት የወጣ ቢጫ ሽቦ አየሁ፤
በአጥሩ ሥር ተስቦ ጋራዥ ይገባል፤ ተከትዬው አንኳኳሁ።
በሩን ገርበብ ያደረገ ሽማግሌ፣ በነጠላ ጫማ፤
ጻይ ጂንሎን፣ የካኦሹንግ ልጅ፣ ሃያ ዓመት በሰው ምግብ ቤት
ድስት ያጠበ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ።
ከአውሲሊያዶራ ጋር የሚግባቡበት እንግሊዝኛ ሠላሳ ቃል ቢሞላ ነው፤
እሷ ሩዝና ባቄላ ታደርስለታለች፤ ማራገቢያዋን እሱ ጠገነው።
ገበያ የሚወጣው ሲመሽ ነው፣ የአገሩ ሰው እንዳያየው፤
ገመናውን ከወገን ሸሽጎ፣ የባዕድ ጓሮ አስጠለለው።

ከወይዘሮዋ ኮክ አንዱን ሰጠሁት። አሸተተው። ከየት ነው አላለኝም።
«አትጻፈኝ» አለ በእጁ። «ጻፈው» አለች እሷ ከኋላዬ፤ አልተከራከረም።
«ለቤቱ ባለቤት ምኑ ነው?» ይላል ቅጹ። ትንሽ አሰበችበት፤
«ተከራይ» አለች፣ ሳትስቅ። «የሁለት ወር ያለበት።»

ሰንብቶ ሠንጠረዡ ወጣ፤ ሁለት ረድፍ፣ ከላይና ከታች።
የአንዷ ማሳ ትኬት ሆነ፣ ያንዷን ተራራ በላው፤
እሱን አይልም እንጂ ሌላው ልክ ነው፤ ደመርኩት፣ አካፈልኩት፣ አየሁት መልሼ።
ሽማግሌውን ከላይኛው ረድፍ ከተትኩት፤ አማካዩ ንቅንቅ አላለም፤
ከነጆሮው ገባ፣ ከነድስቱ፤ ማንም አልሰማውም።

ለመብራት ድርጅቱ፣ ያ ጋራዥ ቆጣሪ የለውም።
ሄጄ ነበር እኔ ቆጣሪው።
አሁንም የለውም።