ምራቂ

ጃንጥላውን ሳያጥፍ ገባ ዓሣ ሻጩ አሃይ፣
ዲስኩን ወረወረው ከመስታወቱ ላይ።
«ሺህ ጊጋ ብላችሁኝ፣ ለሺህ ገንዘብ ቆጥሬ፣
ስሰካው ምን ይላል? ተመልከቺው ዛሬ!
ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ!
ስልሳ ዘጠኙ የት ገባ? የማን ሆድ፣ የማን ሆድ?»

እኔ ከጓዳው ነበርሁ፣ ኬብል ስጠቀልል፤
አሠሪዬ ዩንሲያ ግን አልቸኮለችም ለቃል።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በታይፔ፣ በዚህች ጠባብ ሱቅ፣
ይህን ቁጣ ለምዳዋለች፣ እንደ በጋ መብረቅ።

ወረቀት ሳበች፤ እርሳስ ከጆሮዋ አወረደች፤
«ተቀመጥ፣ አባት፤ አብረን እንቁጠር» አለች።
«ስምንት ቢት አንድ ባይት፤ እዚህ ላይ ጠብ የለም፤
ፋብሪካም ኮምፒውተርም በዚህ አይጣሉም።
ጠቡ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ፣ ከፍ ሲል፣
ኪሎ ሲባል ነው፤ ሜጋ፣ ጊጋ ሲባል።
ፋብሪካው በጣቱ ነው፣ በአሥሩ የሚቆጥር፤
ሺሁን ሺህ ይለዋል፣ ቅንጣት ላይጨምር።
ማሽኑ ግን ጣት የለው፤
ሁለት ብቻ ነው የሚያውቀው፤
ሁለትን በሁለት፣ ደግሞ በሁለት እያጠፈ፣
አሥር ጊዜ ሲያጥፍ ሺህን በሃያ አራት አለፈ።
የእሱ ኪሎ ይኼ ነው፣ አንድ ሺህ ሃያ አራት፤
ሌላ ቁና አልያዘም፣ ከተሠራበት ዕለት።»

ባይቱን ሁሉ ጻፈች፤
አንድ፣ ከኋላው አሥራ ሁለት ዜሮ አሰለፈች።
አንዴ አካፈለች፤ ኪሎው፣ ሲቆጠር በሚሊዮን፣
ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ሊሆን።
ደግማ አካፈለች፤ ሜጋው፣ አሁን በሺህ ቤት፣
ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት።
ሦስተኛው ጊጋ ነው፦ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ፤
አሃይ አጎንብሶ አየው፣ እንደ ራቀ ዘመድ።

«ማንም አልበላህም፤ ባይቱ አንድም አልጎደለ፤
ቁናው ነው የተለየ፣ እህሉማ ሙሉ አለ።»

«ሚዛን ይዤ ሸበትሁ፤ አትሸንግይኝ በቃል፤
ስሙ አንድ ከሆነ፣ ክብደቱም አንድ ይሆናል!»

«እንግዲያ ንገረኝ፤ አንድ ኪን ዓሣ ስንት ነው?»
«ስድስት መቶ ግራም፣ አሥራ ስድስት ኒዩ፤ ምነው?»
«ባሕሩን የተሻገረ፣ የሲያመን ሰው ቢመጣ፣
አንድ ኪን ስጠኝ ቢልህ፣ የሱ ኪን ስንት ይወጣ?»

የጃንጥላው ጠብታ ወለል ላይ ተቆጠረ።
«አምስት መቶ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ፣ ቀየረ።
«የነሱ ኪን አሥር ኒዩ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ሥጋው ሌላ፤
አንዱ ‹ውድ ነህ› ብሎኝ፣ ሄደ እያየ ወደ ኋላ።»

«ሌባ ነበርህ ያን ቀን?»
ሳቀ አሃይ፤ ብዙ አልቆየም፣ ጠፋበት ሳቁ ግን።

«ቁጥሩን ተቀበልሁት፣
የወንድሜን ነገር ግን ወዴት ልክተተው፣ ወዴት?
አሻንጉሊት አጫዋች ነበር፣ በመቅደስ ደጅ፤
ጄኔራል ይሆን ነበር፣ መነኩሴ፣ የንጉሥ ልጅ፣
በአሥር ጣቱ ብቻ።
ሠላሳ ዓመት የተቀረጸ፣ ልጁ ሰብስቦ አኖረው፤
ዘጠኝ መቶ አርባ ጊጋ ነው፣ በማሽኑ ቁና ሲሰፍረው።
ዘጠኝ ተረፈብኝ። ዘጠኙ የመጨረሻው ክረምት ነው፤
እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ቃሉን ሲስት፣ ሲያስለው።
ልጁ ‹ይጥፋ› ይላል፤ ‹አይረባም፣ ተበላሽቷል›፤
ለኔ ያ ሳል ነው ወንድሜ፤ ሌላው ጄኔራል ሆኗል።»

ዩንሲያ መሳቢያ ከፍታ ፍላሽ አወጣች አንድ፣
አውራ ጣት ታህላለች፣ ከነሰማያዊ ገመድ፤
ጀርባዋ ላይ፦ አሥራ ስድስት።
«ማሽኑ ከአሥራ አምስት በታች ይላታል፤ ደግመህ እንዳትመጣ!
ዘጠኙ ግን ይተኛባታል፣ እግሩ ሳይወጣ።»
«ስንት ልክፈል?» አለ፣ ኪሱን እየዳበሰ።
«ምራቂ ነው። መርቄልሃለሁ።»
ዝናቡ ውስጥ ገባ፤ ጃንጥላውን ረሳ፣ አልተመለሰ።

በሳምንቱ ዓሣ መጣ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፤
እኔ የፖስታ ሚዛኑ ላይ አኖርሁት፣ ልቤ ቀልሎ።
ስድስት መቶ ሃያ አራት ግራም።
አንድ ኪን።
ስለ ሃያ አራቱ፣ ዩንሲያም እኔም አልጠየቅን።