ሐረጎ ቁልቁል

አራጋው ይማምን ሰምቼዋለሁ ያለ፣
ከኔና ከእንድሪስ ሌላ ሰው የታለ?
«ሠላሳ አስመጣሁኝ፣ ሃያ ስድስት መለስኩ፣
ሦስቱ አቧራ ጠጡ፣ አንዱን ላንተ ቀነስኩ»
አለኝ ፒያሳ ላይ፣ ከሱቁ በር ቆሞ፣
የጦሳን ጭጋግ በኮቱ ተሸክሞ።

ሽፋኑ ላይ ፎቶ፦ ጊታር ያቀፈ ሰው፣
ግማሽ ፊቱን ደግሞ ቀለም ያለበሰው።
«የመስኮቱ ጆሮ። ዜማ፣ ጊታር፣ ግጥም — አራጋው ይማም።
ኪቦርድ — ጓደኛዬ።» ስሙ እንኳን የለም።

ያኔ ረዳት ነበርኩ፣ ደሴ–ኮምቦልቻ፣
የማውቀው ሙዚቃ የበሩን ድምፅ ብቻ።

ገጽ አንድ ደህና ነው፤ አምባሰል ይነካል፣
የተኛው መንገደኛ ትከሻው ይነቃል።
ካሴቱ ሲገለበጥ፣ ሐረጎ አናት ላይ፣
ይጀምራል ያ ጉድ — ለነሱማ ስቃይ፦

አንድ ሁለት ሦስት አራት፣
አምስት ስድስት ሰባት —
ስምንት ሲጠበቅ የለም።
አንድ ሁለት...

የሚያጨበጭብ እጅ አየር ላይ ቀረ።
ሰርግ የሚወርድ ሚዜ ተደናገረ።
«ይሄ ልጅ መቁጠር አልተማረም?» አለ አንዱ፣
«ካሴቱ ነው ወይስ ፍሬኑ ነው ጉዱ?»
«ወይ ቀይረው፣ ወይ አውርደን!» አሉ አንዲት ሴትዮ።
ሾፌሩ ሸምሱ ግን መልስ አልሰጠም፤
መሪው ላይ ጣቱ ሰባት ሲቆጥር አየሁት።

መንገዱ ይታጠፋል፣ ጊታሩም ይታጠፋል፤
ከአምባሰል ወጥቶ፣ ስም ወዳልወጣለት ቅኝት ይሻገራል፣
ገደሉን አጮልቆ አይቶ ይመለሳል፤
«ያንቺ በር ሲዘጋ የኔ መስኮት ሰማ»
ይላል፣ አንዴ ብቻ፣ ሳይጮህ፣ ሳይለማመጥ።
ከዚያ ቦርከና ሲታይ፣ ፋብሪካው ጋ ስንደርስ፣
ጊታሩ ይቀልጣል፤
ይለጠጣል፣ ይወርዳል፣ ሊወድቅ ሲል ይቆማል።
ይህን ማን አስተማረው? እል ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
በሩን በመዳፌ በሰባት እየደበደብኩ።

አምና እንድሪስ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ጠራኝ፣
አቧራ ከጠጡት አንዱን አንስቶ ሰጠኝ።
ሰማሁት። ሐረጎ። ቦርከና። ፋብሪካው ጋ ደረሰ —
ጊታሩ አልቀለጠም። ቀጥ ብሎ ጨረሰ።

ለካስ የኔን ካሴት፣ ዳሽቦርድ ላይ ጥዬው፣
የኮምቦልቻ ፀሐይ ኖሯል ክሩን ያባበለው።

ያልቀለጠውን ለሸምሱ ልጅ ሰጠሁት። ይስማው፣ ልክ ነው።
እኔ ግን የቆየውን ይዤ፣
ክሩን በማጠነጥንበት እስክሪብቶ
ከሽፋኑ ግርጌ፣ ከዚያ ስም የለሽ ጓደኛ በታች ጨመርኩ፦
«መጨረሻው — ፀሐይ፣ ከኮምቦልቻ።»