አራት ስንዝር ሲጎድል ሁለት ጣት

በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሱ ፎልስ ላይ፣ የመጨረሻው በረዶ ሲቀልጥ፣
ዱዌይን ሱቅ በር ላይ ቆምኩኝ፣ የሣር ማጨጃ ልመርጥ።
ተሰልፈው ቆመዋል፣ እንደ ሠርገኛ በቅሎ፣
ቀዩ፣ ብርቱካኑ፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም ዋጋውን አንጠልጥሎ።

ዱዌይን ደግ ሰው ነው፣ ሆዱ ቀበቶውን የዋጠ፤
የትልቁን ሞተር ጀርባ መታ መታ አድርጎ ጥርሱን ገለጠ፦
«ሃምሳ ሁለት ኢንች ነው ስለቱ፣ ሃያ ሦስት የፈረስ ጉልበት፣
ሁለት ሰዓት የሚፈጅብህን ሣር ዐርባ ደቂቃ አይሞላበት።
ሃይድሮ ነው፣ በጣት ስትነካው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይታዘዛል፤
ይኼን የያዘ ሰው በሁለት በጋ ሌላ መኪና ይገዛል።»

የኔው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሃያ አንድ ኢንች ብቻ፣
በስድሳ ዶላር የገዛሁት፣ የሰው ጋራዥ ተራፊ፣ የሁሉ መዛበቻ።
ዐሥራ አራት ደንበኛ በሳምንት፣ አምና እየገፋሁ እየተገፋሁ፣
ማታ ማታ ክንዴ ሲንቀጠቀጥ ሾርባ ከማንኪያ እየደፋሁ።

ትርንጎ ናት ደብተር ያዥ፤ ከዓይኗ ሳንቲም አያመልጥም።
«ሰባት ሺህ» አልኳት በስልክ። ዝም አለች። የእርሷ ዝምታ አያሽሟጥጥም፣
ይመዝናል እንጂ። ኋላ፣ «በሬ ሆይ» አለችኝ፣ «ሣሩን አየህ?»
«አየሁ።»
«ገደሉንስ? ከነወለዱ ስንት ዓመት እንደምትከፍለው ጠየቅህ?»

ቢተው ግን፣ ተጎታቹን ይዞ የሚመጣው ባልደረባዬ፣
«ትንሽ የገዛ ትንሽ ይቀራል» ይላል፣ «ስማኝማ ጌታዬ፣
ከኋላው መቆሚያ እንቀጥልና እንደ ጋሪ ነጂ እንከንፋለን፤
የቤተ ክርስቲያኑን ሜዳ፣ የጥርስ ሐኪሙን ግቢ፣ ሁሉን እናሸንፋለን!»

እሑድ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ የደንበኞቼን በሮች ልለካ ዞርኩ፤
ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ረስቼው በስንዝሬ ጀመርኩ።
ዘጠኝ ኢንች ነው ስንዝሬ፤ ድሮ አናጢ ሳለሁ ለክቼዋለሁ፣
አሳፍሮኝ አያውቅም፤ አምነዋለሁ።
የነጆሊን በር፣ አምስት ስንዝር። የፖሊሱ፣ ስድስት ሊሞላ።
የባለ ሦስት ውሻው ሰንሰለት ዝጎ አልከፈት አለኝ፤ ይቆየኝ ለሌላ።
የሎይስ በር ጋ ስደርስ፣ መዳፌን ዘርግቼ፣ አንድ፣ ሁለት፣
ሦስት፣ አራት ልል ስል እንጨቱ ያዘኝ፣ ሲቀረኝ ሁለት ጣት።

ሎይስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፣ ሰማንያ አራት ነው ዓመቷ፤
«በሬ ምን በደለህ?» አለችኝ፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ በጣቷ።
በሩን የሠራው አርቪድ ነው፣ ሟቹ ባሏ፣ በራሱ ማጨጃ ልክ።
«ካስቸገረህ አፍርሰው» አለች፤ ፊቷ ግን «አታፍርሰው» አለ።
መዝጊያውን ለቀቅሁት፤ ድምፅ ሳያሰማ ከቦታው ተተከለ።
ከጓሮዋ ጀርባ ወንዙ ነው፤ ቁልቁለቱ እግር ይበላል፤
ያ ሁለት ኩንታል ተኩል ብረት በዝናብ ማግሥት ቢንሸራተት ማን ይይዘዋል?

ሰኞ ተመለስኩ። ጥግ ላይ፣ ከጎማዎች ኋላ፣
ሠላሳ ሁለት ኢንች፣ ያገለገለ፣ ቀለሙ በፀሐይ የተበላ።
ሰዓት ቆጣሪው አራት መቶ ዐሥር ይላል፤ ስለቱን ጎንበስ ብዬ ዳበስኩት፤
ዘይቱን በመሐረቤ ጠርጌ ወደ ብርሃን ወስጄ አየሁት።
ገመዱን ሳብኩ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው አጉረምርሞ ተነሣ፣
እንደ ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ኋላ ነገር እንደሚያነሣ።
ዱዌይን ራሱን ነቀነቀ፦ «ትንሽ ነው፤ ዓመት ሳይሞላህ ትመለሳለህ።»
«እመለስ ይሆናል፤ ያኔ ትልቁን ትሸጥልኛለህ።»

ቢተው አኮረፈ፤ ግን እርሱ ነው ተጎታቹ ላይ ያሰረው፣
ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ስቦ የሞከረው።

ለትርንጎ ደወልኩ፦ «ሣሩንም ገደሉንም አየሁ፤ የረሳነው ሌላ ነበር፤
‹በሬ› ያልሽው፣ ሲላላ ከብት ነው፣ ሲጠብቅ በር።»
«ስንት ከፈልክ?» አለች።

ግንቦት ሲገባ፣ አንድ ማክሰኞ፣ በሎይስ በር አለፍኩ፣ በግራ ጣት፣ በቀኝ ጣት ተርፎኝ፤
እርሷ አላጨበጨበችም፤ «ከጽጌረዳው ሥር ራቅ በል» ብቻ አለችኝ።