ሃያ ስምንት

ያንኮራፋሃል እንጂ ማን ሞትን ያስባል፤
ጎረቤት እንኳ ለምዶት "ሞተሩ ተነሳ" ይላል።
እኔን ግን የሚያባንነኝ ጩኸቱ አይደለም፣
ድንገት ጸጥ ሲል ነው፣ ያኔ ነው የሚጨልም።

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤
መስኮቱ በውስጥ በኩል በረዶ በቅሎበት፣
ማሞቂያው ከምድር ቤት ሲያጉረመርም፣
አንተ ዝም።
አንድ እላለሁ። ሁለት። ደረትህ ይታገላል፣
የተቆለፈ በር እንደሚገፋ ሰው ትከሻህ ይነሳል፤
አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ጉሮሮህ ተዘግቷል፣
ሃያ ላይ እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤
ሃያ ስምንት ስል፣ ከጉድጓድ እንደወጣ
አየሩን ጎርሰህ ትንፋሽህ ተንደርድሮ መጣ።
ዞር ትላለህ። አታውቅም። ጠዋት ብነግርህ
"ድካም ነው" ብለህ ጫማህን ታስራለህ።

ስድስት ክረምት ሙሉ ሌሊት እየሸረፈህ፣
በየማለዳው ካምናው አነስ ብለህ ተነሳህ።
መጀመሪያ ሳቅህ ሄደ። ቀጥሎ የሰው ስም።
የሾፌር ኮፍያህ ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ፤ አንተ ግን አልሳቅክም።
ናርዶስ ማንኪያ ጥላ ድምፁ ቢያስደነግጥህ
ጠረጴዛውን መታህ፤ ኋላ መታጠቢያ ቤት ገብተህ
ቧንቧውን ከፍተህ ስታለቅስ ሰማሁህ።
ውሃ ለቅሶ አይሸፍንም፤ እኔም አልጠየቅኩህ።
ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በጣቷ ጫፍ ሄደች፣
በገዛ ቤቷ ውስጥ እንግዳ ሆነች።

ሰው ምክር አያጣም ለሌላ ሰው በሽታ፤
አንዱ ዓይነ ጥላ አለው፣ አንዱ ሥራ የማታ፤
አቶ ደርብ ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ አመጡ፣
ጓደኞችህ "ወንድ ልጅ አይደብተውም" ብለው ቀልደው ወጡ።
የሰፈሩ ሐኪም ድብርት ብሎ ጻፈ፤
ክኒኑን ዋጥክ፤ ሌሊቱ ግን እንደዚያው አለፈ።

ከዚያ ያቺ ማክሰኞ መጣች። ፖርቴጅ ጎዳና ላይ፣
አውቶቡሱ ጢም እንዳለ፣ ቆመህ ቀይ መብራት ስታይ፣
አረንጓዴው በራ።
አንተ ግን የለህም። ከኋላህ ሁሉም በጥሩምባ ተጣራ።
አንዲት አሮጊት መጥታ ትከሻህን ነካች፤
"ልጄ፣ አለህ?" አለች።
ያን ማታ ጃኬትህን ሳታወልቅ ተቀምጠህ፣
"ባልነቃስ ምን ነበር" አልከኝ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ።

ምን ልበልህ? ስልኬን አወጣሁ፣ የቀዳሁትን ሌሊት
አሰማሁህ፤ ማንኮራፋቱን አልፈን ጸጥታው ስንገባበት
ሳታውቀው መቁጠር ጀመርክ በጣትህ፤
ሃያ ስምንት ላይ አመድ መሰለ ፊትህ።
"ይሄ ሰው ማነው?" አልከኝ።
"እሱን ነው የምጠብቀው" አልኩህ፣ "አንተ ስትተኛ።"

በሆስፒታሉ አልጋ በሽቦ ጠፍረውህ፣
ጺሙ ገና የበቀለ ልጅ ወረቀቱን አሳየህ፦
በአንድ ሰዓት አርባ አንድ ጊዜ።
ያልተኛ ልብ ይጠቁራል፤ ክፋት ስላለው አይደለም፣
ቤቱን የሚጠርግለት ሌሊት አላገኘም።

ጭንብሉ መጣ፤ ቱቦው እንደ ዝሆን ኩምቢ፣
ናርዶስ አየችህና "አባቢ!
ዝሆን ሆንክ!" ብላ ሳቀች። አንተም። መስታወቱን ጭጋግ ሞላ።
ሦስት ሌሊት ነቅለህ ወረወርከው፣ አደረ ከአልጋው ኋላ፤
በአራተኛው ተኛህ።

ሁሉም አልተመለሰም። ክኒኑ ዛሬም ከመሳቢያው አለ፤
አንዳንድ ጠዋት ፊትህ እንደ ዱሮው ደመና ያዘለ።
ግን ትናንት ቁርስ ላይ ማንኪያህን አስቀምጠህ
"ሕልም አየሁ" አልከኝ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ደንግጠህ።
ምን አየህ? ካልሲ። ግራጫ ካልሲ ስትገዛ።
ስድስት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሕልም፣ ያውም ያለ ለዛ!
ድገመው አልኩህ። ደገምከው።

አሁን ትተኛለህ። መሣሪያው ሹክ ይላል፣
የበረዶ ጠራጊው ብጫ መብራት በመጋረጃው ያልፋል።
ጣቶቼ ግን ልማዳቸውን አልተዉም፤
ጸጥታ ደግ ሊሆን እንደሚችል ገና አላመንኩም።
አንድ እላለሁ። ሁለት። ትንፋሽህ ይመጣል፤
ሦስት አልደርስም።
እንደገና፣ አንድ።
አጥናፉ፣ አንተስ ተኛህ፤
እኔን የሚያስተኛው ማሽን የት ይሸጣል?