መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ሰዓት

ሊየክሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጥር ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ቧንቧው ብቻ ያፏጫል እንደ ባዶ ቤት።
ደጁ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ወርዶ፣
ጋኑ ውስጥ ደግሞ አራት መቶ ነድዶ፣
በሁለቱ መሃል የአንድ ክንድ ግድግዳ፤
ከሥሩ እኔ፣ ሲርካ፣
ተረኛ ነሽ ያለኝ የፈረቃ ሰሌዳ።

ዘይቱ ጥቁር ነው። የጥድ ሰጋቱራ
አየር በሌለበት ግሎ፣ ተንኖ፣ ወዲያው የቀዘቀዘ፤
ጭስ ጭስ የሚሸት፣ ኮምጣጣ፣ ብረት የሚበላ።
በርሜል ውስጥ ቢሰነብት ይወፍራል፣ ይኮራል፤
ከናፍጣ ጋር ቢያገናኙት
ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል።

አባቴ በወጣትነቱ ከጉድጓድ ቅጥራን ያወጣ ነበር፤
«እንጨት ያለቅሳል፣ ካላጣደፉት» ይል ነበር።
ከእናቴ ጋር ግን
ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም።
«ለአባትሽ ንገሪው፣ በሩ ይጮኻል።»
«ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሰምቻለሁ በያት።»
ጨው እንኳ የሚሻገረው በእኔ እጅ ነበር።

እንግዲህ ሥራዬ አዲስ አይደለም።
ምስር የሚያካክሉ እንክብሎች፣ ኒኬል፣ ሞሊብዲነም፣
ሃይድሮጂንን ይዘው ዘይቱ ደጅ ይቆማሉ፤
ኦክስጅኑን ለምነው፣ ነጥቀው፣
ውኃ አድርገው ይሸኙታል።
መጽሐፉ «ካታሊስት ያፋጥናል እንጂ አያልቅም፣
እንደ ገባ ይወጣል» ይላል።
ይህን የጻፈ ሰው አካፋ አልያዘም።

በመቶ ሰማንያ ሰባተኛው ሰዓት የግፊቱ ቀስት ተነሣ፤
አርባ አለ፣ ቀጥሎ ስልሳ፣
ዘጠና ሳይደርስ ዘጋሁት።
ሲቀዘቅዝ ከፈትነው፤ እንክብሎቹ
በከሰል ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ሆነዋል።
በመሮ ፈለጥናቸው።
ኦስሞ፣ ልጅ እግሩ መሐንዲስ፣ «ሞቷል» አለ።
«ደክሟል» አልኩት።
ሰው አስታርቆ የሚመለስ
ጥላሸቱን ለብሶ ነው የሚመለስ።

መድኃኒቱ አየር ነው፤ ግን ቀጭን አየር፣
በናይትሮጂን የተበረዘ፣ በዝግታ፤
ጥቀርሻው ብቻ እንዲነድ፣ እሱ እንዳይነድ።
ካበዙለት በገዛ ሙቀቱ ያልቃል።
ይመለሳል፤ ግን እንደ ፊቱ አይደለም፣
በየዙሩ ትንሽ ይጎድላል።

መስኮቱ ላይ አንዲት ጠርሙስ አለች፤
ከታች ውኃ፣ ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ጥሩ ዘይት።
አሸተትኩት። ጭሱ የለም፣ ኮምጣጣው የለም፣
ጫካውም የለም።
ሰባት ቀን ሙሉ የደከምንባትን ይህችን
የበረዶ ጠራጊው መኪና
ከበሩ እስከ መንገዱ ሳይደርስ ይጨርሳታል።
ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

አባቴ ከተቀበረም በኋላ
እናቴ «ንገሪው» ትለኝ ነበር።
«እሺ» እላት ነበር።

ሲነጋ ፈረቃ አስረክቤ
በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ወጣሁ፤ የሚላከኝ የለም።
ሻርፔን ፈታ አድርጌ ቆምኩ፣
አየሩ ይግባ ብዬ፣
ትንሽ፣
ትንሽ።