ባላ

ሦስት ጊዜ መርምሬ፣ ሦስት ጊዜ «የለም» ብዬ ፈረምሁ፤
በሰማያዊው ሜዳ ላይ ቀይ ቀጭን ዘንግ ነበር የፈለግሁ።
ቲቢ ነው የለመድሁት፤ ዐይኔም እጄም እሱን ያውቃል፤
የለመዱትን ሲፈልጉ ያልለመዱት ፊት ለፊት ያልፋል።

ምንይችል አንለይ ይባላል፤ ከቡሬ እህል መጋዘን
ሃያ ዓመት ጆንያ ያወረደ፣ ያለ ማስክ፣ ክረምት በጋውን።
ድሮ ሳንባውን ቲቢ በላው፤ ስምንት ወር ዋጠ፣ ዳነ፤
የተበላው ቦታ ግን አልሞላም፤ ባዶ ጎተራ ሆነ።
ደም ሲተፋ ጊዜ «ተመለሰ» አሉት ሐኪሞች፤
ዳግመኛ ስድስት ወር፣ ዳግመኛ ያንኑ ክኒኖች፤
አርባ ሁለት ኪሎ። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ቀዳዳዎች።

ሐሙስ አመሻሽ፣ መብራት በሄደበት፣ ዶክተር ስመኝ መስኮቱ ላይ
ራጁን ዘረጋችው፤ ጀምበሯ በጎድን አጥንቱ መካከል ስትታይ
በዋሻው ውስጥ አንድ ድቡልቡል፣ በላዩም የአየር ቀጭን ጨረቃ።
በነጋታው በጎኑ አስተኝታ ደግማ አነሣች፣ ትንፋሹን ጠብቃ፤
ድቡልቡሉ ተንከባለለ፣
እንደ ቃጭል ምላስ ወዳዘመመበት ዋለለ።
«ቲቢ አይንከባለልም» አለች። ሌላ ምንም አላለች።
አክታውን ወደ እኔ፣ ስሙን በእጇ ጽፋ ላከች።

አንድ ጠብታ ፖታሽ ጣል አድርጌ፣ ቆይቼ አሥር ደቂቃ፣
ቀለም ሳልቀባው ዐየሁት፤ ሌላ አገር ነበር፣ ሌላ ጫካ፤
ቀጫጭን ክር፣ በየመንገዱ ለሁለት እየተከፈለ፣
ባላ፣ ባላ፣ ባላ፤ አባቴ ለጎተራ ማቆሚያ
ከወይራ መርጦ እንደሚቆርጠው፣ ልክ የሆነ፣ ያልተጓደለ።

ሻጋታ ነው። ስሙን ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፣ ተማሪ ሳለሁ፤
ፊቱን ግን እስከዚያች ሰዓት በዐይኔ አላየሁ።
ማሳደጊያ የለንም። ከፍኖተ ሰላም ገበያ ድንች ገዛሁ፤
ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ከስኳርና ከተለመነ አጋር ዱቄት ጋር በሳህን አረጋሁ፤
በአምስተኛው ቀን ከክዳኑ ሥር አረንጓዴ አቧራ ቆመ፣
ልክ እንደ ጆንያ ግርጌ፣ በሐምሌ ርጥበት እንደከረመ።

መድኃኒቱ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ መጣ፣ በወንድሙ ኪስ፤
የወሩ ዋጋ አንድ ወይፈን። «ወይፈኑ ይሸጥ፤ እኔ ልተንፍስ።»
«በደንብ በልተህ ዋጠው» አልነው፤ ለካ ዐቢይ ጾም ነበር፤
ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ።
«ሳልህን ለስግደት ቆጥሬልሃለሁ» አሉት፤ «ብላና እደር።»

ስድስት ወር አለፈ። ደሙ ቆመ። ሃምሳ አንድ ኪሎ ሆነ።
ድቡልቡሉ አለ፤ ትንሽ አንሶ።
ለቀዶ ጥገና ሳንባው አይችልም አሉ።
«ከነቃጭሌ እኖራለሁ» ይላል፤ ሲተኛ መንከባለሉ
ይሰማኛል ባይ ነው። አላመንሁትም፤ አልተከራከርሁም።

ማታ ማታ የድሮውን መዝገብ እገልጣለሁ፤
«የለም»፣ «የለም»፣ «የለም»፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፤ ስም እቆጥራለሁ፤
ከደንበጫ አንዲት ሴት፣ ከጅጋ ወፍጮ ቤት የዋለ፣
ከማንኩሳ አንድ ሽማግሌ፤ ማን ሞተ፣ ማን አለ?
ስላይዶቹ ገና ድሮ ከቆሻሻው ጋር ተቃጥለዋል፤
መዝገቡ ግን አለ፤ እጄን አምኖ «የለም» ይላል።