ብይና ኩሽኔታ

ቡሬ፣ ሰባተኛ «ለ»፣ የመስኮቱ ግማሽ ካርቶን፣
የጥቅምት ብርድ በቀዳዳው እየገባ ሲያፏጭብን፣
መምህር ደሳለው መጣ፣
በብብቱ ወንፊት ይዞ፣ ያውም ሽቦው የተነደለ፣
«ዛሬ ስበትን በእጃችን እንሠራዋለን» አለ።

ሳቅን።
ስበት ለኛ ሰሌዳ ላይ የተሣለች ቀስት ነበረች፣
ቁልቁል የምታመለክት፣ ስሟም «ጂ» የተባለች፣
ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ብለን በጩኸት የሸመደድናት፣
ለፈተና አሳድረን፣ በማግሥቱ የረሳናት።

እሱ ግን ለዕቃ ለቀማ አሰማራን በየፊናችን፤
ምንይችል ወደ ወፍጮ ቤት፣ እኛ ወደ ጎሚስታችን።
ጋሽ ልየው ከአይሱዙ ሥር ወጣ፣ ፊቱ ከሰል እየመሰለ፣
«ካላማዳሪያ ለትምህርት?» ብሎ ሳቀ፤ ቆየና ግን
ከክምሩ መዘዘልን፣ ሰባት ቦታ የተለጠፈውን፤
«ነፋስ መያዝ አልቻለም፤ ዕውቀት ከያዘ ውሰዱት» አለ።

ምንይችል ከወፍጮ ቤቱ ያረጀ ኩሽኔታ አመጣ፣
ዱቄትና ግራሶ የላቆጠው፣ ሺህ ጊዜ ታጥቦ የማይነጣ።
የኔ ድርሻ ብይ ነበር።
ሁለት ዓመት ተንበርክኬ፣ የሰፈሩን ልጅ አራግፌ፣
ኪሴ ውስጥ ሲንኳኩ የምኮራባቸው ዐሥራ ዘጠኝ ብዮች፤
ከነሱም አንዷ ሰማያዊ፣ ሆዷ ውስጥ የነበልባል ምላስ ያለች።
«አበድረኝ» አለ መምህሩ፣ «ሲያልቅ እመልስልሃለሁ።»
እጄ እንቢ እያለኝ ሰጠሁ።

የወንፊቱን ሽቦ ቀደድን፣ ክፈፉን ባዶ አስቀረን፣
ላስቲኩን በላዩ ወጥረን፣ ዙሪያውን በሲባጎ አሰርን፤
ባንቻምላክ በጥርሷ ስባ፣ አጥብቃ ቋጠረችው፣
በጣቷ መታ ስታደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ፣
«ለጥምቀት ይሆናል» ብላ ክፍሉን በሳቅ ናጠችው።

ከዚያ ኩሽኔታው መሃል ተቀመጠ።
ላስቲኩ ቀስ ብሎ ሰመጠ፣
ወፍራም እንግዳ ሲቀመጥበት የጠፍር አልጋ እንደሚሆነው።
መምህሩ ሰማያዊዋን ከዳር፣ በጎን በኩል ለቀቃት።
ዞረች።
መጀመሪያ ሰፋ አርጋ፣ ቀጥሎ ጠበብ፣
ልጥፉ ላይ ስትደርስ ዘለል፣ መልሳ ደግሞ ከበብ፣
ማንም ሳይነካት፣ ማንም በስሟ ሳይጠራት፣
እየፈጠነች፣ እየፈጠነች፣
ቀጭ! ከብረቱ ጋር ተላተመች።

«ይኸውላችሁ» አለ፣ «ኩሽኔታው ፀሐይ፣ ብይዋ መሬት።
የከበደ ነገር ዙሪያውን ያጎደጉዳል፤
መንገዱን የሚያጎብጠው ያ ጉድጓድ ነው። ይህ ነው ስበት።»

አጨበጨብን። እሱም ላቡን ጠረገ።
ባንቻምላክ ግን እጇ አልወረደም፣
ሲባጎ የቋጠረው እጇ፣ ጣቷ ገና ግራሶ፤
«መምህር፣ ኩሽኔታው ላስቲኩን ያጎደጎደው
ወደ ታች ማን ስቦት ነው?»

ጠመኔውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ፣
ወደ መስኮቱ ካርቶን ዞረ።
ወፍጮው ከሩቅ ዱቅ ዱቅ ይላል።
አለቀላት ብለን እኛ አንገታችንን ደፋን፤
አርጩሜው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበረ።
«ስበት ነዋ የሳበው» አለ።
ትንሽ ቆይቶም፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣
«ስበትን በስበት አስረዳሁ ማለት ነው።
ራሱ ስበት ምን እንደሆነ... አላውቅም።»

አላውቅም።
ከመምህር አፍ ወጥቶ ሰምተነው የማናውቅ ቃል።
ወደቀ፤
ካርድ ላይ በቀይ እንደሚጻፈው መውደቅ ግን አይደለም፤
እንደ ኩሽኔታው ወደቀ፣ የክፍሉ መሃል ጎደጎደ፣
ዴስኩም፣ ደብተሩም፣ የኛም ልብ፣ ወደዚያው አዘነበለ።

ምንይችል ወፍጮውን ገዛው አሉ።
ባንቻምላክ የት እንዳለች የሚነግረኝ አላገኘሁም።
እኔ ከከተማው መውጫ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ነኝ፤
በቆሎ የጫነ አይሱዙ ብረቱን ሲረግጠው
ሚዛኑ በጥቂቱ፣ ለዓይን በማይሞላ፣ ዝቅ ይላል፤
ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣
ሾፌሩ «ምን ታያለህ?» ይለኛል፣ ጎማው ሥር አጎንብሼ ስቀር።

መምህር ደሳለው፣
ጥያቄውስ ይቆይ፣ እሱ የሁላችን ነው።
ሰማያዊዋን ብይ ግን እስከ ዛሬ አልመለስክልኝም።